ዳገት የሚችል ሱሪ

እሁድ ማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ሕዝብ ከወገብ በታች ላስተዋለ ሰው፣ አዲስ አበባ ያላት የሱሪ ዓይነት በሙሉ አንድ ዳገት ላይ ተሰልፎ ያገኘዋል። ሯጩ በታይት፣ ወጣቱ በጂንስ፣ ጎልማሳው ከቢሮ በጡረታ በወጣ የጨርቅ ሱሪ። ዳገቱ ለማንም አያዳላም። ጂንሱ ጉልበት ላይ እየያዘ እርምጃ ያሳጥራል፤ የቢሮው ሱሪ ቦይ ለመሻገር እግር ሲነሣ ከመቀመጫው ይተረተራል፤ ታይቱን ቀጋ ይጎትተዋል።

አልፎ አልፎ ለየት ያለ ሱሪ ብቅ ይላል። ጭኑ ላይ ሰፋፊ ኪስ አለው፤ ጉልበቱና መቀመጫው በወፍራም ጨርቅ ተደርቧል፤ ቀለሙ የደረቀ ሣር ይመስላል። ባሕር ማዶ ለአዳኝ ተሰፍቶ፣ እዚያው ጥቂት ተለብሶ፣ በሰልባጅ ክምር በኩል ወይም በዘመድ ሻንጣ እዚህ የካ ክፍለ ከተማ የደረሰ ነው። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም ሰልባጅ ከገበያ ጠፍቶ አያውቅም። ጠንካራ ሱሪ የሚፈልግ ሰውም ክምሩን አገላብጦ የተደረበ ጉልበት ሲያይ እጁን ይዘረጋል።

እንዲህ ያለውን ሱሪ እንዳለ የሚለብሰው ግን ጥቂት ነው። ወገቡ ይሰፋል፣ እግሩ ይረዝማል፣ የጉልበቱ ድርብ ቅልጥም ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ዳገቱን ከማየቱ በፊት ቤት ውስጥ ባለው የስፌት መኪና ሥር ማለፍ አለበት።

አደን በሌለበት የአደን ሱሪ

እንጦጦ ላይ አደን የለም። በኢትዮጵያ የዱር እንስሳ ማደን የሚቻለው ፈቃድ ተይዞ፣ ለዚሁ በተለየ ቦታ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541ም ጉዳዩን ደንግጎታል። በአርሲና በባሌ ደጋ አጋዘን ለማደን የሚመጡት በአብዛኛው ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉ የውጭ ሰዎች ናቸው። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ድኩላ ወይም ወፍ የሚከተል ሰው የሚያነጣጥረው በካሜራ ነው።

ሆኖም የአዳኝና የተራራ ተጓዥ ፍላጎት እምብዛም አይራራቅም። ሁለቱም ይንበረከካሉ፣ እርጥብ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፣ በእሾህ መሃል ያልፋሉ፣ ብዙ ይራመዳሉ። ፎቶ አንሺው ደግሞ እንደ አዳኙ ድምፅ ማሰማት የለበትም። ሱሪው ጠመንጃ ለያዘ ሰው ታስቦ ቢሰፋም ካሜራ ለያዘው፣ ለጫካ ጠባቂው፣ ችግኝ ለሚተክለውም ይሆናል።

የአደን ልብስ ለየካ አዲስ እንግዳም አይደለም። ዛሬ በክፍለ ከተማው ውስጥ በሚገኘው የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ፣ በያኔው ለጋሲዮን፣ እ.ኤ.አ. በ1910 የዲፕሎማት ልጅ ሆኖ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በኋላ ስመ ጥር አሳሽና አዳኝ ወጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተጋብዞ መጣና በዓሉ ሲያበቃ ለአደን ወደ አፋር ቆላ ወረደ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የአዋሽ ወንዝ የት ገብቶ እንደሚቀር ለማየት ያንኑ ምድር ተያያዘው። በዚያ ዘመን የአዳኝ ሱሪ በብዛት የሚሰፋው ከጥጥ ካኪ ነበር። ካኪ ለቆላ ሙቀት ደግ ነው፤ የእንጦጦ ክረምት ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል።

ተራራው የሚጠይቀው

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ጥቂት አለፍ ይላል። የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ ቦሌ ላይ በሸሚዝ የዋለ ሰው እንጦጦ ላይ ጃኬት ይፈልጋል። ምኒልክና ጣይቱ ከዚህ ተራራ ወርደው በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ አዲስ አበባን ለመቆርቆር ካበቋቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ብርድ ነበር።

ከብርዱ ሌላ ጭቃው አለ። በሐምሌና በነሐሴ ሸክላማው አፈር ጫማ ላይ ይጋገራል፤ የሱሪው ጫፍ ውኃ እየመጠጠ ወደ ላይ ያወጣል። ጥጥ ውኃ ከያዘ በደጋ ብርድ ቶሎ አይደርቅም፤ ክብደቱም ይጨምራል። ናይለንና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጨርቅ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ነገር ግን ሲራመዱበት ይንኮሻኮሻል።

እጽዋቱም ድርሻ አላቸው። በምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ልጡን እየላጠ መሬት ላይ ያነጥፋል፤ ሲረግጡት ይንሸራተታል፣ ይጮኻልም። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ሰው የሚሄደው በተጠረገ መንገድ ነው። ከመንገዱ ወጣ ያለ ሰው ግን ቀጋው፣ እንጆሪው፣ ሳማው ይቀበለዋል። ጭጎጎት ደግሞ ማንንም ሳያስፈቅድ እግር ላይ ተለጥፎ ቤት ድረስ ይሸኛል።

ይህ ሁሉ ሱሪውን በእኩል አይጎዳውም። ያረጀ የተጓዥ ሱሪ ገልብጦ ያየ ሰው ጉዳቱ አምስት ቦታ ላይ ተከማችቶ ያገኘዋል፤ ጉልበት፣ መቀመጫ፣ ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበት ቦታ፣ የኪስ ጥግና ተረከዝ የሚረግጠው የኋላ ጫፍ። የቀረው ጨርቅ ገና አዲስ ነው። የቤት ልብስ ሰፊ ሥራ ከዚህ ይነሣል፤ ሱሪውን በሙሉ ማጠንከር ሳይሆን ጥንካሬውን ወደነዚህ አምስት ቦታዎች ማምጣት።

ከመቀስ በፊት

በብዙ ቤት ያለው የስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር ወይም የእሱ ቅጂ የሆነ የቻይና ሥሪት ነው። መብራት ሲጠፋ አይቆምም፤ ለወፍራም ጨርቅም ከብዙ አዳዲስና ቀላል የኤሌክትሪክ መኪኖች ይሻላል። ከባዱ መዘውር አንዴ መሽከርከር ከጀመረ መርፌውን በኃይል ያወርደዋል፤ ሰፊውም በእግሩ ፍጥነቱን እስከ አንድ ነጠላ ስፌት ድረስ መቆጣጠር ይችላል። ዚግዛግ አለመስፋቱ ጉድለት ነው፤ ግን መላ አይጠፋለትም።

መርፌው መመረጥ አለበት። ለስስ ካኪ ቁጥር 14 ይበቃል። ለጂንስና ለተደረበ ጨርቅ 16፣ ለሸራ 18 ያስፈልጋል። ቀጭን መርፌ ወፍራም ጨርቅ ላይ ይጎብጣል፣ ስፌት ይዘላል፣ በመጨረሻም ተሰብሮ ወደ ዓይን ሊፈናጠር ይችላል። ክሩ ፖሊስተር ቢሆን ይመረጣል፤ የጥጥ ክር እየራሰ እየደረቀ ሲኖር ይበሰብሳል። የስፌቱ ርዝመት ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጥሩ ነው። በጣም የተቀራረበ ስፌት ወፍራም ጨርቅን በቀዳዳ ብዛት ያደክመዋል፤ ሲሳብም በቀዳዳዎቹ መስመር ይቀደዳል።

ከዚያ ሱሪው ይለበሳል። ባለቤቱ ቁጢጥ ይላል፣ ወንበር ላይ አንድ እግሩን ያወጣል፣ ይንበረከካል። አጠገቡ ያለው ሰው ጠመኔ ይዞ ጨርቁ የት እንደሚወጠር ምልክት ያደርጋል። የጉልበቱ ምልክት የሚደረገው እግር እንደታጠፈ ነው። ሰው ጉልበቱን ሲያጥፍ ሱሪው ወደ ላይ ስለሚሰበሰብ፣ በዚያን ጊዜ ጉልበት ላይ ያለው ጨርቅ ሲቆሙ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ቆሞ የተለካ ድርብ ሲንበረከኩ ጭን ላይ ወጥቶ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ፋብሪካው መጨረሻ የገጠመውን

ሱሪ ፋብሪካ ውስጥ በቅደም ተከተል ይሰፋል። ለየካ ቅርብ በሆነው ቦሌ ለሚ ባሉ ፋብሪካዎችም ሆነ በሐዋሳ፣ አንዷ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ኪስ ስትለጥፍ ሌላዋ የጎን ስፌት ብቻ ትገጥማለች። ይህን ቅደም ተከተል ማወቅ ለሚፈታው ሰው ይጠቅማል፤ መጨረሻ የተሰፋው መጀመሪያ ሲፈታ ሥራ ይቀላል። በብዙ ጂንስና የሥራ ሱሪ ላይ በእግሮች መሃል ያለው የውስጥ ስፌት ታጥፎ በሁለት ረድፍ የተቆለፈ ነው። የውጪው የጎን ስፌት ግን አንድ ረድፍ ብቻ ስለሆነ በምላጭ ቶሎ ይፈታል። ጉልበት ለመደረብ የሚከፈተውም እሱ ነው። እግሩ ከጭን እስከ ቅልጥም ሲከፈት ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ካልተከፈተ ግን ጠባብ ቱቦ ውስጥ እጅና መኪና ማስገባት ሊሆን ነው።

ድርቡ ከአሮጌ ቦርሳ ሸራ፣ ከተቀደደ ጂንስ ደህና ክፍል ወይም ከወፍራም ናይለን ይቆረጣል። ማዕዘኑ ክብ ይደረጋል፤ ሹል ጥግ በእንጆሪ እሾህ ተይዞ ይላጣል። ጠርዙ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ታጥፎ በካውያ ይተኮስና በእጅ ክር ሰፋ ሰፋ ተደርጎ ይወሰወሳል፤ ከዚያ መኪናው በሁለት ረድፍ ይዞረዋል። ከታች በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ከተተወለት የገባው አፈርና ውኃ መውጫ ያገኛል፤ በዚያው ቀዳዳ ስስ ስፖንጅ አስገብቶ ድንጋይ ላይ መንበርከክም ይቻላል። ጉልበቱ ዝም ብሎ ቀጥ ያለ እንዳይሆን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ድርቡን ከማኖሩ በፊት በጉልበቱ ግራና ቀኝ ጎን ትናንሽ ፒንስ ይይዛል። ፒንሱ እግሩን ጥቂት የታጠፈ ቅርጽ ስለሚሰጠው ዳገት ላይ ጨርቁ አይጎትትም።

ከሁሉም የሚከብደው ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበት ቦታ ነው። የፊት፣ የኋላና የሁለቱ እግሮች ስፌት አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ እግር ሰፋ ሲደረግ ውጥረቱ ሁሉ እዚያ ነጥብ ላይ ያርፋል። መፍትሔው ነጥቡን ማጥፋት ነው። አራቱም ስፌት ከመገናኛቸው አሥር አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ተፈትቶ በመሃሉ ባለ አራት ማዕዘን ጨርቅ ይገባል። አንድ የነበረው መገናኛ አራት ይሆንና ጭነቱን ይካፈላሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 ማይክ ግሬአም የተባለ የዮሴሚቲ ገደል ወጪ ካሊፎርኒያ ውስጥ የጀመረው ግራሚቺ የተሰኘ የልብስ ድርጅት ስም ያወጣው በዚሁ በእግሮች መሃል በሚገባ ጨርቅ ነው።

ቤት ውስጥ ሲሰፋ ጥንቃቄ የሚሻው ማዕዘኑ ነው። እያንዳንዱ ጎን ለብቻው ይሰፋል፤ ከጫፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲቀር ይቆምና ክሩ ይታሰራል። ጥጉ ድረስ የተሰፋ እንደሆነ ሲገለበጥ ይሸበሸባል። ስፌቶች የተደራረቡበት ቦታ ላይ ሲደረስ መኪናው ይንገራገጫል። ልብስ ሰፊዎች ያን ጊዜ እግራቸውን ከመርገጫው አንሥተው መዘውሩን በእጃቸው ያዞራሉ፤ ጨርቁን በሚጫነው እግር ኋላ እጥፍ ቁራጭ ጨርቅ አስገብተው እግሩ እኩል እንዲተኛ ያደርጉታል። ያም ካልረዳ የስፌቱን እብጠት ጣውላ ላይ አድርጎ በመዶሻ ቀስ ብሎ መምታት ያለሰልሰዋል።

የኪስ ጥግና የእንጨት ቆራጭ ሚስት

የኪስ ጥግ መቀደድ የቆየ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 መጨረሻ ገደማ በአሜሪካ ኔቫዳ፣ ሪኖ ከተማ ይሠራ ወደነበረው የሪጋ ተወላጅ ልብስ ሰፊ ጄኮብ ዴቪስ አንዲት ሴት መጣች። ባሏ እንጨት ቆራጭ ነው፤ ሱሪ አይበረክትለትም። ዴቪስ ከሸራ ሰፋለትና ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ለፈረስ ልብስ የሚሠራባቸውን የመዳብ ችንካሮች አንሥቶ የኪሱን ጥጎች መታባቸው። ሱሪው ተፈላጊ ሲሆን ጨርቅ ከሚያቀብለው ከሌቪ ስትራውስ ጋር ተጣምሮ እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 1873 የባለቤትነት መብት አወጣ። ዛሬ ዓለም የሚለብሰው ጂንስ ከዚያ ወጣ።

የእንጦጦ እንጨትም ሲወርድ የኖረው በሰው ጀርባ ነው። ዘመኑን ሙሉ የባሕር ዛፍ ሸክም ተሸክመው ወደ ከተማው ሲወርዱ የኖሩት ሴቶች ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ሸክሙን ትተው በማኅበር ተደራጅተው ወደ ሽመና የገቡም አሉ። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሰፋ ልብስ ግን በገበያ አልታየም።

ቤት ውስጥ ችንካር ከሌለ ክር ይተካዋል። ዚግዛግ የሚሰፋ መኪና ጠበብና ጠቅጠቅ ያለ ስፌት በኪሱ ጥግ ላይ ይጥላል። ቀጥታ ብቻ የሚሰፋው ሲንጀር ደግሞ በአንድ መስመር ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል። ከጀርባው ቁራጭ ጨርቅ ከተደረገለት የበለጠ ይበረታል።

አዳኝ የማይወደው የአደን ፈጠራ

ከሰልባጅ በሚገኝ የአደን ሱሪ ላይ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነሣው የኪሱ መዝጊያ ቬልክሮ ነው። ጉዳዩ አስቂኝ ጎን አለው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ጆርጅ ደ ሜስትራል እ.ኤ.አ. በ1941 ከውሻው ጋር ከአልፕስ የአደን ጉዞ ሲመለስ ልብሱና የውሻው ፀጉር እንደ ጭጎጎት የሚለጠፍ ፍሬ ሞልቶበት አገኘ። ፍሬውን በአጉሊ መነጽር ሲያየው ጫፉ መንጠቆ ሆኖ ታየው። መንጠቆና ቀለበት አድርጎ ናይለን ላይ ለመሥራት ዓመታት ወሰደበት፤ ፈጠራውንም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አስመዘገበ። ከአደን የተወለደው ማያያዣ ግን በጫካ ጸጥታ ሲከፈት ከሩቅ ይሰማል፤ ድኩላ ደግሞ ጆሮው አይሞኝም።

ስለዚህ ቬልክሮው በምላጭ ይፈታና ቦታው በትልቅ ቁልፍ ይተካል። ጓንት ያደረገ እጅ እንዲከፍተው የቁልፉ ቀዳዳ ሰፋ ይላል። ኪሱም ከነበረበት ከጭኑ ጎን ወደ ፊት ጥቂት ቢመጣ ይሻላል፤ ጎን ላይ የተንጠለጠለ ስልክና ሌንስ በእያንዳንዱ እርምጃ እግርን ይመታል።

ከታች በኩል ያለው ሥራ ቀላል ነው። የተረፈው ርዝመት ተቆርጦ አይጣልም፤ ተረከዝ በሚረግጠው የኋላ እጥፋት ውስጥ ይደረባል። ከቅልጥም በታች ያለው ስፋት ከውስጥ ስፌቱ በሁለቱም በኩል እኩል ይጠብባል። ከአንድ ወገን ብቻ የጠበበ እግር ይጠማዘዛል። ቦት ጫማ ለሚያደርግ ሰው የውጪው ጎን ጫፍ ላይ አንድ ስንዝር የሚያህል ዚፕ ይገባለታል።

ሰሙና ገደቡ

የጥጥ ሱሪ ካፊያ እንዲችል ከተፈለገ አገር ቤት ያለው መላ የንብ ሰም ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ በሰም ምርትም ከዓለም ግንባር ቀደሞቹ ተርታ ትቆጠራለች። ጠንከር ያለው ሰም በጭኑ ፊት፣ በጉልበትና በመቀመጫው ላይ እንደ ጠመኔ ይታሻል፤ ከዚያ ወረቀት ተደርጎበት በካውያ ይሞቃል። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ብዙ ሙቀት አይፈልግም፤ ቀልጦ ጨርቁ ውስጥ ይገባና ሲቀዘቅዝ ጠብታውን ያንሸራትታል። ሱሪውን በሙሉ ሰም መቀባት ግን ላብ ያፍናል፤ በዚያ ላይ ከእሳት ዳር መጠንቀቅን ይጠይቃል። ከሰሙ ቁራጭ ላይ ክሩንም ሳብ ማድረግ ለእጅ ስፌት ይጠቅማል፤ ክሩ አይጠላለፍም፣ ውኃም ቶሎ አይጠጣም።

መኪና የማይነካው ሱሪም አለ። ውስጡ ውኃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን የተለጠፈበት ሱሪ ላይ እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ ማፍሰሻ ይሆናል። ስፒል እንኳ የማይዘጋ ቀዳዳ ስለሚተው ጨርቁ በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል። እንዲህ ያለው ሱሪ ቢያጥር ቢጠብ ከጫፉና ከወገቡ ብቻ ቢነካ ይሻላል።

የቀለሙም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ብዙ የአደን ሱሪ ቅጠል መሰል ዝንጉርጉር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሠራዊት የደንብ ልብስ ጋር የሚመሳሰል ነገር ለብሶ መውጣት ጥያቄ ያስከትላል፤ እንጦጦ ደግሞ ጥበቃ የማይጠፋበት ቦታ ነው። አስቀድሞ ያወቀ ሰው ከክምሩ ውስጥ አንድ ወጥ ቀለም ያለውን፣ ቡናማውን ወይም አረንጓዴውን ይመርጣል። ዝንጉርጉሩን የገዛ ደግሞ ለጉልበት ድርብ እየቆረጠ በውስጥ በኩል ይጠቀምበታል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ሱሪው ሁለት ሦስት ጊዜ ዳገት ወጥቶ ተመልሶ እንደገና ይገለበጣል። የተሳበ ስፌት፣ የላላ ጥግ፣ ውኃ ያሳለፈ ቦታ ያን ጊዜ ይታያል። ሰሙ በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሳይጠነክር ይታደሳል። ጉልበቱ ላይ የተደረበው ጨርቅ ሲያልቅ የዙሪያው ስፌት ተፈትቶ በሌላ ይተካል፤ ሥሩ ያለው የሱሪው ጨርቅ ገና ስላልተነካ ለሚቀጥለው ድርብም ይበቃል።